በአፍላ ወጣቶች ላይ የስኳር ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉ ወላጆች፣ መምህራንና ልጆቹ ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ልጅን ስኳር ይይዘዋል እንዴ? የትልቅ ሰው በሽታ አይደለም?

ይይዘዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስኳር አያትን ወይም አባትን የያዘውን ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ መጀመሪያ ላይ በክኒን ይታከማል፣ ዓመታት ቆይቶ ዓይንና እግር ይጎዳል። እሱ ዓይነት ሁለት ይባላል። ልጆችንና ጎረምሶችን በድንገት የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይነት አንድ ነው። በዚህኛው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል በስሕተት የራሱን ቆሽት ያጠቃል። ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎች ያሉት እዚያ ነው። እነሱ ሲጠፉ ኢንሱሊን ይነጥፋል።

ኢንሱሊን ከሌለ የተበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ለሰውነት አይደርስም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቤተሰቡ የሚራብ ያህል ነው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለው ዕድሜ ይህ ሕመም በብዛት ብቅ ከሚልባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ከትልልቆቹ ስኳር ዋናው ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ደህና የነበረ ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ ፍጥነት የመጣ ነው።

መጀመሪያ የሚታዩት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?

አራት ናቸው፤ ሽንት መብዛት፣ ውሃ ጥም፣ መክሳትና ድካም። ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ተያይዘው ይመጣሉ። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተዋል። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃውን ይዞ ይወጣል። ልጁ ሽንት ቤት ይመላለሳል። የወጣውን ለመተካት ይጠማዋል። የበላው ስለማይጠቅመው ሰውነቱ የራሱን ስብና ጡንቻ መብላት ይጀምራል፤ ይከሳል፣ ይዝላል።

ቤት ውስጥ ሲታይ ግን እንዲህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለጥ ብሎ ይተኛ የነበረ ልጅ ሁለት ሦስቴ ይነሳል። ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ራስጌው አስቀምጦ ይተኛል፤ ጠዋት ባዶ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ስንት ጊዜ ነው የምትወጣው?» ይሉታል። እንጀራ ተጨምሮለት ይበላል፣ ሱሪው ግን ከወገቡ ይወርዳል። ሰሌዳው ይደበዝዝበታል። ኳስ የማይጠግበው ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ጋደም ይላል። ይነጫነጫል፤ ቤተሰቡም «የጉርምስና ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ምልክቶች ደግሞ በሃፍረት ይደበቃሉ። አንደኛው አልጋ ላይ መሽናት ነው። ከትቶት የኖረ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ እንደገና ከጀመረ እባክዎ አይቆጡት፣ አያሳፍሩት። ምክንያት አለው፤ ይመርመር። ሁለተኛው በልጃገረዶች ላይ የሚታይ ብልት አካባቢ የማሳከክና ነጭ ፈሳሽ የመብዛት ችግር ነው። ስኳር የበዛበት ሽንት ለፈንገስ ይመቻል። እናት ይህን ስትሰማ ሌላ ነገር ጠርጥራ ልጇን ከምታስጨንቅ፣ ስኳሯን ብታስለካ ይሻላል።

ባሕር ዳር ሞቃት ናት። ልጄ ብዙ ውሃ የሚጠጣው በሙቀቱ ይሁን በስኳር በምን አውቃለሁ?

በሽንቱ። በሙቀት የጠማው ሰው ውሃውን በላብ ስለሚያጣው ሽንቱ ያንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። በስኳር የጠማው ልጅ ግን እየጠማውም ሽንቱ ብዙ ነው፤ ቀለሙም ውሃ መሳይ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሁሉም ሰው ውሃ ይጠጣል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሙቀት ጥም ጥላ ውስጥ አረፍ ሲሉ፣ ማታ ሲበርድ ይቀንሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሽንት አስነስቶ፣ ተመልሶ ውሃ የሚያስጠጣ ጥም የሙቀት አይደለም።

የከሳው ቁመት ስለጨመረ፣ ስለጾመ ወይም ለፈተና ስለሚያጠና አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ልጆች ይመዘዛሉ፤ ቀጠን ብለው መታየታቸው ያለ ነው። ግን በቁመት እያደገ ያለ ልጅ ኪሎው ቢያንስ ባለበት ይቆማል ወይም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሚዛን ላይ አውጥተው ከቀድሞው ጋር ያወዳድሩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ኪሎ ከቀነሰ፣ ያውም በደንብ እየበላ ከሆነ፣ «ቁመት ነው» አይበሉ።

የፍልሰታና የዐቢይ ጾምም ብዙ ጊዜ ምክንያት ይደረጋል። የጾመ ሰው ይከሳል፣ ይደክመዋልም። ሽንት ግን አይመላለስም። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ለጥናት ይሰጣል። ጥናት ሌሊት ያስነሳል፤ ውሃ በሊትር ግን አያስጠጣም።

ለስላሳና ጣፋጭ ስላበዛ ነው የያዘው?

ዓይነት አንድ ከሆነ፣ አይደለም። ሚሪንዳም፣ ከረሜላም፣ ሸንኮራ አገዳም አላመጡበትም። እናት የሠራችው ስሕተት የለም፤ ልጁም የሠራው ስሕተት የለም። ይህን ደግሜ የምለው፣ ብዙ ቤት ውስጥ ልጁ በታመመ ማግስት ወቀሳ ስለሚጀመር ነው። የታመመ ልጅ ሕመሙን እንደ ቅጣት ሲያየው መርፌውንም ይጠላዋል።

ለስላሳ መጠጥ ከዓይነት ሁለት ጋር ግን ግንኙነት አለው፤ ያወፍራል፣ ውፍረቱም በጊዜ ሂደት ስኳር ያመጣል። ሌላም ጉዳት አለው። ስኳሩ ከፍ ብሎ የጠማው ልጅ ጥሙን በለስላሳና በጁስ ለመቁረጥ ሲሞክር ስኳሩ ይብስ ይወጣል። ልጅዎ በድንገት ለስላሳ መውደዱ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል።

በዘራችን ስኳር የለም። ታዲያ እንዴት?

ዓይነት አንድ ከሚይዛቸው ልጆች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ፣ በቅርብ ቤተሰባቸው ይህ ሕመም ያለበት ሰው የላቸውም። «በዘራችን የለም» የሚለው ቃል ምርመራን ለማዘግየት ምክንያት አይሁን።

የት ይመረመራል? በባዶ ሆድ መሄድ አለበት?

የስኳር መለኪያ ማሽን በጤና ጣቢያ፣ በክሊኒክ፣ በብዙ መድኃኒት ቤትም አለ። ጣት ተወግቶ በጠብታ ደም ይታያል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ከመወጋቱ በፊት እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ማንጎ የበላ ጣት ሳይታጠብ ከተለካ ቁጥሩ በውሸት ይዘላል።

ምልክት ላለው ልጅ ባዶ ሆድ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። «ነገ ጠዋት ሳይበላ ይምጣ» ተብሎ ወደ ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፤ ያቺ ሌሊት ልትከብደው ትችላለች። ምልክቱ እያለ በማንኛውም ሰዓት የተለካ ስኳር 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። በባዶ ሆድ ሲለካ ደግሞ ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ወደ ስኳር የተጠጋ፣ 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ምልክት ከሌለ በሌላ ቀን ይደገማል። ሐኪሙ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም ሊያዝ ይችላል፤ እዚያ ላይ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል። ማሽኑ ቁጥር በማሳየት ፋንታ «ሃይ» (HI) የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ስኳሩ ማሽኑ መቁጠር ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው። በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት አለ፣ በአዴት መውጫ ደግሞ ጥበበ ግዮን አለ።

ሽንቱ ላይ ጉንዳን ከተሰበሰበ ስኳር ነው የሚባለው እውነት ነው?

መሠረት አለው። ስኳር ያለበት ሽንት ጉንዳን ይስባል፤ የጥንት ሰዎችም በዚህ ያውቁት ነበር። ጉንዳን ካዩ ይመርመሩ። ጉንዳን አልመጣም ብለው ግን አይረጋጉ። ሽንት ቤቱ በውሃ የሚለቀቅ ከሆነ፣ ወይም ጉንዳን በአካባቢው ከሌለ፣ ምንም አያዩም።

ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል፤ ግን አልተሻለውም። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ስኳሩን ያስለኩ። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። የደከመ፣ ያስመለሰውና ራሱን ያመመው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ወባ ይባላል፤ ወባው ካልተገኘ ታይፎይድ ይባላል። ሆዱን አጥብቆ ሲያመው ደግሞ ጨጓራ ወይም ትርፍ አንጀት ሊባል ይችላል። ስኳሩ ከፍ ብሎ ደሙ አሲድ መሆን የጀመረ ልጅም ልክ እንዲህ ይሆናል። ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አቅም ያጣል። ስኳር ብቻውን ትኩሳት አያመጣም፤ ሆኖም ወባና ስኳር አንድ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ትኩሳት መኖሩ ስኳርን አያስቀርም።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ይንገሩ። «ያስመልሰዋል» ብቻ ካሉ ሐኪሙም የሚያስበው ወባና ሆድ ነው። «ላለፉት ሳምንታት ውሃ ያበዛል፣ ሌሊት ለሽንት ይነሳል፣ ከስቷል» ካሉ ግን ነገሩ ይቀየራል። ካልታሰበም እርስዎ ይጠይቁ፦ «እባክዎ ስኳሩንም ይለኩልኝ።» ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም። በአንዲት ጠብታ ደም የሚመለስ ጥያቄ ነው። ለወባ ደም የሚሰጥ አፍላ ወጣት ሁሉ በዚያው ጣት ስኳሩ ቢታይለት ብዙ ልጆች በጊዜ ይገኙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አቅም አጥቷል። ክሊኒክ ወስጄ ግሉኮስ ላስደርግለት?

ስኳሩ ሳይለካ በፍጹም። የደከመ ሰው ሲታይ «ግሉኮስ ይሰካለት» ማለት ለምዶብናል። ግሉኮስ ማለት ስኳር ነው። ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ ለተቸገረ ልጅ ስኳር በደም ሥር መጨመር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ስኳር የሌለበት ጨዋማ ፈሳሽና ኢንሱሊን ነው፤ ያም በሐኪም ክትትል ሥር። ለድካሙ ብሎ ማር በጥብጦ ወይም ጣፋጭ አጥሚት ደጋግሞ መስጠትም ያው ነው። መጀመሪያ ይለካ።

ሳልውል ሳላድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው?

ውሃ ያበዛ የነበረ ልጅ ማስመለስ ሲጀምር። ሆዱን ሲቆርጠው። ሳይሮጥ እንደሮጠ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ሲተነፍስ። ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲሸት። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ንግግሩ ሲምታታ። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኪቶን የሚባል አሲድ ያመነጫል፤ እነዚህ የዚያ አሲድ ምልክቶች ናቸው። በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል።

ከተማ ውስጥ ከሆኑ ባጃጅም ቢሆን ይዘው ይሂዱ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ። ከዘጌ፣ ከደቅ ወይም ከሌላው የጣና ዳር የሚመጡ ከሆነ ውሳኔው ቀደም ማለት አለበት። ጀልባ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ለሐይቁ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ማስመለሱን አይጠብቁ። ውሃ ማብዛቱንና መክሳቱን እንዳዩ በመጀመሪያው ጀልባ ይምጡ።

ልጄ ወፍራም ናት። የከሳ ልጅ ብቻ ነው የሚያዘው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወፍራም ልጅም ይያዛል፤ ሁለቱም ዓይነት ሊይዘው ይችላል። ዓይነት ሁለት ድሮ በልጆች ላይ የማይታሰብ ነበር፤ አሁን ግን ከውፍረት ጋር በዚህ ዕድሜም ይታያል። ጉርምስና ራሱ ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ውፍረትና ወላጅ ላይ ያለ ስኳር ሲጨመሩበት ሚዛኑ ያጋድላል።

ይሄኛው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጥማቱም ሽንቱም ላይታወቅ ይችላል። የሚያጋልጠው ምልክት ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ነው። በአንገቷ ዙሪያ ወይም በብብቷ ቆዳው ጠቆር፣ ወፈር ብሎ ከፋይ ጨርቅ ሲመስል ማለት ነው። እናቶች እድፍ መስሏቸው በሳሙና አጥብቀው ይፈትጉታል። አይለቅም፤ እድፍ አይደለምና። ኢንሱሊን በትክክል እየሠራ እንዳልሆነ ይጠቁማል። የወር አበባዋም የሚዘባረቅ ከሆነ ለሐኪሙ አብረው ይንገሩ።

ልጄ ከገጠር መጥቶ ባሕር ዳር ተከራይቶ ነው የሚማረው። ማን ያይልኛል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከዘንዘልማም፣ ከጢስ ዓባይም፣ ከሩቅ ወረዳም ስንቅ ይዘው መጥተው ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩ ልጆች ብዙ ናቸው። እናት አጠገባቸው የለችም። ሌሊት መነሳቱን የሚያየው አብሮት የሚተኛው ጓደኛው ነው። መክሳቱን ያያሉ፤ ግን «ስንቅ አልቆበት ነው» ይላሉ። እሱም ወላጆቹን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል።

ስለዚህ አብረው ለሚኖሩት ልጆች አሁኑኑ ይንገሯቸው። ውሃ የሚያበዛና ሌሊት የሚመላለስ ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ካስመለሰው ብቻውን ትታችሁት ትምህርት ቤት አትሂዱ። ለአከራይዋ እትዬም ይንገሯቸው። በስልክ ሲያወሩ «ደህና ነህ?» ብቻ አይበሉ፤ «ደህና ነኝ» ይላል። «ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ? ልብስህ ሰፍቶሃል?» ብለው ይጠይቁት። መምህራንም እንዲሁ፤ ደጋግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ተማሪ ከመቆጣት በፊት ወላጁ ይጠራ። ወላጅ ሩቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ኢንሱሊን ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው ይባላል። በክኒን ወይም በባህል መድኃኒት ማዘግየት አይቻልም?

ዓይነት አንድ ከሆነ አይቻልም። ኢንሱሊን ሱስ አይደለም፤ ሰውነቱ ማምረት ያቆመውን መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመት ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሰው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሊሞት የቀረበ ልጅ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬ መድኃኒቱ እጅግ ተሻሽሏል። በደንብ የሚከታተል ልጅ ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል።

አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ ምግብ ናቸው፤ ቢበሉ ክፋት የለውም። ኢንሱሊንን ግን አንዳቸውም አይተኩም። ወጪው ካስፈራዎ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ምን እንደሚሸፈን፣ ለልጆችም የተለየ ድጋፍ እንዳለ ሆስፒታሉን ይጠይቁ። ብር ስለሌለ ብለው መርፌ አይዝለሉ።

ጠበል ልወስደው አስቤያለሁ። መድኃኒቱን ያቁም?

ይውሰዱት፤ ኢንሱሊኑንም ይዘው ይሂዱ። ጠበል መጠመቅና መርፌ መወጋት አይጣሉም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጉዳይ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ዓይነት አንድ ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑን ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሲዱ ሊመጣበት ይችላል። ስለ ጾም ደግሞ የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን አብረው ያነጋግሩ። ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ የሚያቆይ ልጅ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። ከ70 በታች ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት አለበት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። በረመዳን የሚጾሙ ቤተሰቦችም ከጾሙ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ኢንሱሊን ከጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስኳሩ ወረደ። ድኗል ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሕክምና ሲጀመር በቆሽቱ ውስጥ የተረፉት ጥቂት ሴሎች እረፍት ያገኙና ለጊዜው መሥራት ይጀምራሉ። የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በጣም ያንሳል። ይህ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መሃል ልጁ ጠበል ከሄደ ጠበሉ፣ ቅጠል ከጠጣ ቅጠሉ ፈወሰው ይባላል፤ መርፌው ይቆማል። ከዚያ ሴሎቹ ሲያልቁ ልጁ ከመጀመሪያው በባሰ ሁኔታ ይወድቃል። መጠኑን ሐኪሙ ይቀንሰው፤ እርስዎ አያቋርጡት።

ቤታችን ፍሪጅ የለም። መብራትም ይጠፋል። ኢንሱሊኑ አይበላሽም?

ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ አይውሰዱ፤ ወይም ጤና ጣቢያው እንዲያስቀምጥልዎ ይጠይቁ። የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የቆርቆሮ ቤት ቀን ቀን ይግላል። ጠርሙሱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው፣ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርገው፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያስቀምጡት። ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል።

ፍሪጅ ካለም በረዶ ቤቱ ውስጥ አይክተቱት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። ሲገዙት ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰም ይጣላል። ከመጀመሪያው ወተት መሳይ የሆነ ዓይነትም አለ፤ እሱ ተፈጥሮው ነው፣ ሲያገላብጡት ግን እኩል መደባለቅ እንጂ መርጋት የለበትም።

ልጁ 18 ዓመቱ ነው፣ ከገጠር ነው፣ ቀጭን ነው። አንዱ ሐኪም ዓይነት አንድ፣ ሌላው ዓይነት ሁለት ይለዋል። የቱን ልመን?

ሁለቱም ሐኪሞች ለመቸገራቸው ምክንያት አላቸው። ከጎንደርና ከጅማ የወጡ ጥናቶች ለዓመታት ሲያመለክቱ የቆዩት ነገር አለ። በገጠር፣ በችግር ያደጉ ቀጫጭን ወጣቶች ላይ የሚታየው ስኳር በመጽሐፍ ከተጻፈው ዓይነት አንድ ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም። ዘግየት ብሎ ይጀምራል፣ ወንዶች ይበዙበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። በዚህ የተያዙት ስኳራቸው በጣም ከፍ ቢልም እንደ ዓይነት አንድ ቶሎ ወደ አሲዱ አይገቡም።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ነገር ስሙ አይደለም። ዓይነቱ እስኪለይ የታዘዘለትን ኢንሱሊን አያቋርጥ። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የልጅነት ታሪኩን ይንገሩ፤ በሕፃንነቱ ለምግብ እጥረት ታክሞ እንደሆነ፣ ከመታመሙ በፊት ኪሎው ስንት እንደነበር። የለኩትን የስኳር ቁጥር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። አንድ ሐኪም ይዘው መከታተልም ይረዳል፤ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚለየው በአንድ ቀን ምርመራ ሳይሆን ኢንሱሊኑን እንዴት እንደተቀበለ በወራት ውስጥ በማየት ነው።